ዘጠነኛው ምዕራፍ

ሰኞ 4

ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ጠዋት አንድ ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ "እርስዎ ካላዩት ማን ያየዋል?" አለኝ። የዚህ ሰው ምስጋና ሁልጊዜ ሸክም አዝሎ ነው የሚመጣው። የወጣቶች ልብ ወለድ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳይከፈት መውጣት አለበት ተብሏል።

ሁለት መቶ አሥር ገጽ። የደራሲዋ የመጀመሪያ መጽሐፍ። ለምሳ ሳልወጣ ሠላሳውን ገጽ ጨረስኩ። ታሪኩ ወደፊት በሚመጣ ዘመን፣ በአንዲት ከተማ ነው። በዚያች ከተማ ሰው ሲወሰድ የቤቱ በር በሦስት ቀን ውስጥ በጡብ ይደፈናል። ጡቡን የሚያዋጡት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጡብ፣ ያውም ከገዛ ግድግዳው ነቅሎ። ስለዚህ በከተማዋ ቀዳዳ የሌለው ቤት የለም፤ ሁሉም ብርድ ይገባዋል። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አባቷ ተወስዶባት በሩ ላይ የተደረደረውን ጡብ እያየች፣ የትኛው ከማን ቤት እንደመጣ በቀለሙ መለየት ትጀምራለች።

በዚህ ሥራ ሃያ አምስት ዓመት ሆነኝ። እንዲህ ያለ ጅማሬ አላጋጠመኝም።

ወደ ማታ ላይ የደራሲዋን ስም አስተዋልኩ። የእሷን ሳይሆን የአባቷን። ብዙ ሰው በዚያ ስም ይጠራል።


ሐሙስ 7

ደራሲዋ መጣች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠፍራ አስራዋለች፣ ለመቀመጥ እንኳ ፈቃድ ትጠብቃለች። መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው።

"እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ካልሆነም አልሆነም ነው፤ አልቀየምም" አለችኝ።

"ጅማሬው በጣም ጥሩ ነው።"

"ጅማሬው ብቻ?"

ሳቄ መጣ። "ገና ስልሳኛው ገጽ ላይ ነኝ፤ ምን አጣደፈሽ?"

አንድ አንቀጽ ልታሳየኝ ረቂቁን ወደ ራሷ ሳበች። ስታነብ ጣቷን ከመስመሩ ሥር ታስኬዳለች። አመልካች ጣቷን አይደለም፤ የቀለበት ጣቷን። እንዲያ የሚያነብ ሰው በሕይወቴ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ጭኑ ላይ አስቀምጧት ሲያነብ አይታ ይሆናል።

"አባትሽ አሉ?" አልኳት።

"አላውቅም፣ እትዬ። የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከሥራ ቦታው ወሰዱት። ጋዜጣ ማተሚያ ቤት፣ እርማት ክፍል ነበር ይላሉ። እናቴ ስለሱ አንድ ቃል አይወጣትም። አፏን ሰፍታዋለች።"

"አይዞሽ" አልኳት።

አውቀው ነበር አላልኳትም። ምን ብዬ? የመጣችው ለመጽሐፍ ሥራ ነው። ሃያ ዓመት ያለፈውን ነገር መቀስቀስ ማንን ያሽራል?


ቅዳሜ 9

ዘጠነኛውን ምዕራፍ አነበብኩ።

ራሴን አሞኛል። ምሳም አልበላሁ።

ምዕራፉ ደካማ ነው። ታሪኩን ይጎትተዋል።


እሑድ 10

እማዬን አጥቤ፣ አብልቼ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። ዛሬ ደህና ቀኗ ነው፤ ስሜን ታውቀዋለች። እስኪ ምዕራፉን በእርጋታ ልየው ብዬ እንደገና አነበብኩት።

ግራጫ ሹራብ የለበሰች ሴት አለች። ለልጅቷ ቤት የቅርብ ጎረቤት ናት፤ የልጅቷ አባት እህቴ የሚላት ዓይነት፣ ደግ፣ ጨዋ። ሰው ይወሰዳል ተብሎ ገና ሳይታወጅ፣ ጡብ አምጡ ተብሎ በር ሳይንኳኳ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ የመጀመሪያውን ጡብ ይዛ የምትመጣው እሷ ናት። ሌሎቹ ጡብ ያመጡት ተገደው ነው። እሷ ግን መጀመሪያ አመጣች፤ እሷ ስላመጣች በሩ ተደፈነ።

ደራሲዋ ይህን ከየት አመጣችው? ማን ነገራት?

ያን ጊዜ በጋዜጣው ማተሚያ ቤት፣ እኛ ጋ ሁሉም ነው የፈረመው። ከአባቷ ሌላ አምስት ነበርን በክፍሉ፣ አምስታችንም ፈርመናል። ወረቀት አመጡ፣ "ሲናገር ሰምተናል" የሚል፣ ፈረምን። እምቢ ያለ አልነበረም። እምቢ ቢል ምን ሊፈይድ?


ሰኞ 11

ደራሲዋን ጠርቼ አነጋገርኳት። ሌሊቱን ስዘጋጅበት ስላደርኩ አንደበቴ አልተያዘም።

"ዘጠነኛው ምዕራፍ መውጣት አለበት" አልኳት።

ፊቷ አመድ መሰለ። "እትዬ፣ ሙሉው መጽሐፍ እኮ የቆመው እሱ ላይ ነው።"

"አውቃለሁ። የእኔ ሐሳብ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ፈርቷል። ዘመኑ ተለወጠ ቢባልም ሁሉም አልተለወጠም። ይህን ምዕራፍ ይዞ የሚወጣ መጽሐፍ ከመደብር ተለቅሞ ቢወሰድ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። እናት አለሽ።"

እናቷን ስጠራ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች።

"ታዲያ የመጀመሪያውን ጡብ ማን አመጣው እንበል?"

"ማንም አይባል። ወጣት አንባቢ ጡብ አይቆጥርም፤ ፍቅር ነው የሚወደው። ያ ልጅቷን የሚወዳት የወንዙ ማዶ ልጅ ድርሻው ይስፋ። አንድ ሌላ ጎረምሳ ጨምሪና ሁለቱ ይፎካከሩባት። መጨረሻው ላይ ሕዝቡ ይነሳና በሮቹን የደፈነው ግንብ ይፍረስ።"

"እንዲያ ያለ መጽሐፍ ሞልቷል እኮ።"

"የሞላው ስለሚሸጥ ነው።"

ደብተሯ ላይ ጻፈችው። እያንዳንዱን ቃል። ስትወጣ፣ "ለእኔ ብለው እንደሚጨነቁ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ።

እውነትም ለእሷ ብዬ ነው። ሌላ ምን ምክንያት ይኖረኛል?


ረቡዕ 13

ሥራ በዝቷል። የሁለት መማሪያ መጽሐፍ እርማት። እማዬ ትናንት ደግሞ፣ "ያ ባለ መነጽሩ ልጅ ምነው ጠፋ?" አለችኝ። ጋዜጣ ያመጣላት ነበር፣ ያን ጊዜ። ተዛውሯል አልኳት። ሃያ ዓመት ሙሉ ተዛውሯል ነው የምላት።


እሑድ 17

እሑድ ቢሆንም ለመማሪያ መጽሐፎቹ እርማት ቢሮ ገብቼ ነበር፤ ደራሲዋ አዲሱን ሁለተኛ ክፍል አመጣች። በስድስት ቀን ጽፋ። ዓይኗ ጎድጉዷል። ያልኳትን ሁሉ አድርጋለች፤ ሁለት ጎረምሶች፣ በዝናብ ውስጥ መሳሳም፣ ለቅሶ፣ ሰልፍ። ግንቡ በሦስት ገጽ ይፈርሳል።

መጥፎ ነው። እንደ ባለሙያ ልናገር ከተባለ መጥፎ ነው። እስከ ሰማንያኛው ገጽ ትንፋሽ የሚያሳጣ መጽሐፍ፣ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ መቶ ጊዜ የሰማው ተረት ይሆናል።

"እንዴት ነው?" አለችኝ።

"አሁን መጽሐፍ ሆነ" አልኳት።


ማክሰኞ 19

ገጽ የሚያቀናብርልንን ሰውዬ "ፈጣኑ" ነው የምንለው፤ ቀንድ አውጣ ስለሚቀድመው። ዛሬ ግን አፉ ቀደመኝ። ኮምፒዩተሩ ላይ እንዳጎነበሰ፣ "እትዬ፣ የዚህን መጽሐፍ አከርካሪ ማን ነው የበላው?" አለ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"የድሮውን ረቂቅ ደርቤ አየሁት። ዘጠነኛውን ሳነብ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። አሁን ስምንት ቀጥሎ መሳሳም ነው።"

"የታዘዝከውን አቀናብር።"

"እሺ፣ እትዬ። እኔ ምን አገባኝ፤ እኔ ፊደል ደርዳሪ ነኝ" ብሎ ሳቀ።

የድሮውን ፋይል አጥፋው አልኩት። አጠፋለሁ አለኝ። ማጥፋቱን ቆሜ ማየት ነበረብኝ፤ ስልክ ጠራና ሄድኩ።


ዓርብ 22

ምን ዓይነት ቀን ነው።

ከሥራ ስገባ ደራሲዋ ቤቴ ተቀምጣለች። እማዬን የምትጠብቅልኝ ጎረቤት ናት ያስገባቻት። ብርቱካን ይዛ መጥታለች፤ ቤቴንና የእማዬን ሕመም ከፈጣኑ ጠይቃ፣ የስኳር መድኃኒቷን ከእነሱ መድኃኒት ቤት በቅናሽ አውጥታ። "ያን ያህል ሲደክሙልኝ ባዶ እጄን እንዴት አመሰግንዎታለሁ ብዬ ነው" አለች።

እማዬ እጇን ይዛታለች። ፊቷ በርቷል። እንዲያ ከሆነች ቆይታለች።

"አየሽ ይቺን?" አለችኝ እማዬ። "የማን ልጅ ነሽ ብላት የአባቷን ስምና የጋዜጣውን ቤት ነገረችኝ፤ ለካ የዚያ የባለ መነጽሩ ልጅ ናት! ያ ጋዜጣ የሚያመጣልኝ! አጠገብሽ የሚቀመጠው!"

የምገባበት ቀዳዳ አጣሁ።

"እማዬ ትቀላቅላለች" አልኩ። "ሰው ይምታታባታል።"

"ምኑ ነው የሚምታታብኝ? እሱን የወሰዱት ዕለት በጠራራ ፀሐይ ቤት ገባሽ። ሦስት ቀን ተኛሽ። ወባ ነው አልሽኝ። እኔ ወባን አላውቅም እንዴ? ትኩሳት እንኳ አልነበረሽም።"

ልጅቷ እኔን አላየችኝም። የእማዬን እጅ ነበር የምታየው። ቀስ ብላ አስቀመጠችውና ቦርሳዋን አነሳች።

በሩ ላይ፣ "አባቴን ያውቁት ነበር?" አለችኝ።

"አንድ ሕንፃ ውስጥ ነበርን። ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው፣ ብዙ ሰው አለ።"

"አጠገብሽ የሚቀመጠው አሉ እኮ እናትዎ።"

"አጠገብ ማለት..." አልኩ። እስክጨርስ አልጠበቀችም፤ ወጣች።


ቅዳሜ 23

መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እሺ። ጠረጴዛዬ ለበሩ ቅርብ ስለሆነ ነው። ወረቀት ይዞ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ያ የቦታ ጉዳይ ነው።


ሐሙስ 28

መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ገባ። ሽፋኑ ላይ አንዲት ልጅ፣ ሁለት ጎረምሶች፣ ከኋላ ግንብ። ደራሲዋ ለመጨረሻው እርማት ፊርማ መጥታ ሁለት ደቂቃ አልቆየችም። "እትዬ" አላለችኝም። ፈርማ ወጣች።

ፈጣኑ እንዲህ አለኝ፣ "አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር። በድሮው ጋዜጣ ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየለቀሙ ገጽ ይደረድሩ የነበሩት ሽማግሌ በሕይወት አሉ ወይ ብላ።"

"አንተስ ምን አልካት?"

"አሉ አልኳት። አድራሻቸውን ሰጠኋት። ምነው፣ ጥፋት ነው?"

ሽማግሌው ከአምስታችን አንዱ ናቸው። ከእኔ ቀጥለው የፈረሙ።


አዲስ ወር። ሰኞ 9

መጽሐፉ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ኬክ አስመጣ። ደራሲዋ አልመጣችም፤ ሥራ ገብታለች ተባለ።

መሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀምጣ አይቻታለሁ። አንድ ጊዜ ዓርብ፣ አንድ ጊዜ ዛሬ። መስኮቴን አትመለከትም። ምሳዋን እየበላች ነው። መድኃኒት ቤቱ ግን ከዚህ አርባ ደቂቃ ይርቃል።


ረቡዕ 18

ጋዜጣው ላይ ሂስ ወጣ። ግማሽ ዓምድ። ልቅዳው፦

"ጅማሬው ያስደነግጣል፤ ፍጻሜው ያስተኛል። ጎረቤት ከገዛ ግድግዳው ጡብ ነቅሎ የጎረቤቱን በር የሚደፍንባት ከተማ ለትልቅ መጽሐፍ የምትበቃ ሐሳብ ነበረች። ደራሲዋ ግን መንገድ ላይ የፈራች ይመስላል። ከመካከሉ በኋላ የምናነበው የሌሎችን መጽሐፍ ነው።"

ደራሲዋ የፈራች ይመስላል። እሷን ነው የሚሉት።

ሥራ አስኪያጁ ጋዜጣውን አጣጥፎ፣ "የመጀመሪያ መጽሐፍ ነው፣ ትማራለች" አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።


ቅዳሜ 21

ለደራሲዋ በአሳታሚ ድርጅታችን አድራሻ ደብዳቤ መጣ። ከአንዲት ተማሪ። ከፈትኩት። መክፈት አልነበረብኝም።

ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው ትላለች፤ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር አንብበውት ተከራክረዋል። ጎረምሶቹን ስትዘላቸው ነበር። ከዚያ፣ "አንድ ነገር ግን አልገባንም። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ልጅቷ 'የመጀመሪያው ጡብ የማን ነው?' ብላ ትጠይቃለች። መጽሐፉ ጠይቆ ረሳው። እኛ ግን አልረሳነውም። እባክሽ ንገሪን" ትላለች።

ሦስተኛው ምዕራፍ። ገጽ ሠላሳ አራት። ዘጠነኛውን ሳወጣ ወደ ኋላ ተመልሼ ጥያቄውን አላወጣሁትም። ሃያ አምስት ዓመት የሠራሁ አራሚ! ለጀማሪ የምነግረው የመጀመሪያ ነገር ነው፣ አንድ ነገር ከሰረዝሽ ጥላውንም ፈልገሽ ሰርዢ የሚል።

ደብዳቤውን አልሰጠኋትም። መሳቢያዬ ውስጥ አለ።


ዓርብ 27

ስብሰባ። መጽሐፉ አልሄደም፤ መደብሮቹ እየመለሱት ነው። ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ሰብስቦ ምን ጎደለ ይለናል።

ከዚያ እንዲህ አለ፣ "እኔን የሚገርመኝ፣ ያ ግራጫ ሹራብ ያላት ሴት ያለችበት ምዕራፍ የት ሄደ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከረቂቁ ያነበብኩት እሱን ብቻ ነው። መጽሐፉን የተቀበልኩትም በእሱ ነው። የት ሄደ?"

ፈጣኑ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ደራሲዋ ናት ያወጣችው" አልኩ። "የራሷ ውሳኔ ነው።"

ያልኩት ይህንን ነው። ቃል በቃል። ሁለቴ መዋሸት ይቀላል፤ አንደኛው ለሁለተኛው መንገድ ይጠርግለታል።


ሰኞ 30

ፈጣኑ ሰላም አይለኝም። ኮምፒዩተሩ ላይ እንደተደፋ ይውላል።

እማዬ ብርቱካን ያመጣችው ልጅ መቼ ትመለሳለች ትለኛለች።


አዲስ ወር። ሐሙስ 3

መጣች። በምሳ ሰዓት፣ ሁሉም ሲወጡ ጠብቃ። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሥራ አልሠራሁም፤ እዚሁ ወንበሬ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሳልረሳው ልጻፍ። እንደማልረሳውስ አውቃለሁ።

በሩን ዘጋችው። ከፊቴ ተቀመጠች፤ ፈቃድ አልጠበቀችም።

"ሥራ አስኪያጁን አነጋገርኳቸው" አለች። "እርስዎ፣ እሳቸው ፈርተው አስወጡት ብለውኝ ነበር። እሳቸው ግን ለምን አወጣሽው ብለው እኔኑ ጠየቁኝ።"

የማርመውን ረቂቅ ወደ ጎን ገፋሁ።

"ሽማግሌውንም አገኘኋቸው። አለቀሱ። ፈርሜያለሁ፣ ይቅር በይኝ አሉኝ። ማን መጀመሪያ ፈረመ አልኳቸው። እሱን አትጠይቂኝ አሉ። ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ አትጠይቂኝ ብቻ።"

"ሁላችንም ፈርመናል" አልኩ።

"አውቃለሁ። እኔ የመጣሁት ስለ ፊርማው አይደለም።" ድምጿ ከፍ አላለም። ከፍ ቢል ይሻለኝ ነበር። "ያቺን ሴት ፈጥሬያት ነበር እኮ። ማንም አልነገረኝም። ታሪኩ ሰው ቢፈልግ ግራጫ ሹራብ አልብሼ ፈጠርኳት። ከዚያ እርስዎ ሰረዟት። ሲሰርዟትም ሌላውን ነገር ሁሉ ትተው እሷን ብቻ። እናትዎ ነገሩኝ፣ እርስዎ ካዱ። እርስዎ ባይሰርዟት ኖሮ እስክሞት ልብ ወለድ ነበረች።"

መቼም ሰው መናገር ሲጀምር ምን እንደሚገፋው አያውቅም። ለሃያ ዓመት ለእማዬ፣ ለንስሐ፣ ለዚህ ደብተር እንኳ ያልተናገርኩትን ለእሷ ተናገርኩት።

አንድ ጠዋት አባቷ በጋዜጣ የተጠቀለለና በሲባጎ የታሰረ ነገር መሳቢያዬ ውስጥ አስገባ። "እስከ ነገ ያዢልኝ" አለኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ተጠይቆ ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን። ረፋዱ ላይ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ሕንፃው ውስጥ ሲዞሩ አየሁ። ክፍል በክፍል እያዩ። መሳቢያዬ እግሬን ያቃጠለኝ መሰለኝ። ጥቅሉን አወጣሁና ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚቀበለው ሰው ቢሮ። "ይህን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጦብኛል፤ እኔ የለሁበትም" አልኩ። አመሰገኑኝ። ከሰዓት በኋላ ወሰዱት። ወረቀቱ የመጣው በማግስቱ ነው።

"ሰዎቹስ?" አለች። "ሁለቱ?"

"ስልክ ሊጠግኑ የመጡ ነበሩ። በሳምንቱ ነው የሰማሁት።"

ይህን ስላት ዓይኗን ጨፈነች።

"ጥቅሉ ውስጥ ምን ነበረ?"

"አላየሁትም።"

"እንዴት አላዩትም?"

"እንዳሰረው ነው የሰጠሁት። አልፈታሁትም።"

"ክብደቱስ?"

"የመጽሐፍ ያህል።"

"መጽሐፍ ሊሆን ይችላል?"

"ሊሆን ይችላል።"

"ዳቦም ሊሆን ይችላል።"

"ዳቦ አይደለም" አልኳት። "ጠርዝ ነበረው።"

ይህን ሰምታ እጇን እንደዚያ አድርጋ ያዘች፤ በአየር ላይ፣ አንድ ነገር እንደሚመዝን ሰው። ጠርዙን በአውራ ጣቷ የምትዳስስ ይመስል ነበር። ከዚያ ተነሳች።

"እርማት ክፍሉ ውስጥ የእሱን ቦታ ማን ወሰደው?"

"እኔ" አልኳት።

ወጣች። በሩን አልወረወረችውም። ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።


ሰኞ 7

ምንም የለም። ሥራ አስኪያጁ ዛሬ እንደወትሮው ሁለት ረቂቅ ጫነብኝ። አልነገረችውም ማለት ነው። ወይም ነግራው ጊዜ እየጠበቀ ነው። ደረጃ ላይ እግር ሲሰማ ጽሕፈቴን አቆማለሁ።

ተራዬን እየጠበቅሁ ነው ልበል? ያን ጊዜ አባቷ ለሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ነበር። ደረጃ ላይ እግር ሲሰማ ጣቱ መስመሩ ላይ ይቆም ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ አየው ነበር፤ ይፈራል ብዬ አስብ ነበር። እንዴት እንደሚፈራ ግን አላሰብኩም።


ሐሙስ 10

የተማሪዋን ደብዳቤ ለደራሲዋ በፈጣኑ ላክሁላት። ከፍቼ አንብቤዋለሁ፣ ይቅርታ ብዬ ከላይ ጽፌ። ፈጣኑ ተቀብሎኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ስብሰባ ወዲህ፣ "እሺ" አለኝ። አንድ ቃል። ማታ ራት በላሁ።


ቅዳሜ 12

እማዬ አሞኛል ብላ አደረች። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል አለ። አልጋዋ አጠገብ ሆኜ ነገርኳት። ሁሉንም፣ ጥቅሉን፣ ሁለተኛ ፎቁን፣ ስልክ ጠጋኞቹን። ገብቷት ይሁን ሳይገባት እንጃ፤ ዓይኗን ጣሪያው ላይ እንደተከለች፣ "ታዲያ ያ ባለ መነጽሩ ልጅ ለምን አትሂጂ አላለሽም?" አለች።

"መቼ፣ እማዬ?"

"ሁለተኛ ፎቅ ስትወጪ። አጠገብሽ አልነበረም?"

አጠገቤ ነበር። ጥቅሉን ይዤ ስነሳ ቀና ብሎ አይቶኛል። ምናልባት ወደ ደህና ቦታ ልታዛውርልኝ ነው ብሎ አስቦ ይሆናል። ፈገግ ብሎልኛል። ይህን ለልጅቷ አልነገርኳትም። ለራሴም ያልኩት አሁን ነው።


ረቡዕ 16

ፈጣኑ ጠዋት አንድ ፖስታ ሰጠኝ። ፋይሉን አላጠፋውም ነበር፤ አትሞ ለእሷ ሰጥቷት፣ እሷ ደግሞ ለእኔ ልካዋለች። ዘጠነኛው ምዕራፍ። አሥራ አራት ገጽ፣ በሰፊ መስመር የታተመ፣ መሃሉ ለእርማት እንዲመች።

ላይኛው ገጽ ላይ በእጇ፦

"መጽሐፉ ሌላ ቦታ እንደገና ሊታተም ነው፤ ሙሉውን። ይህን ምዕራፍ ስጽፍ አላውቅም ነበር፤ የገመትኩት ነው። የተሳሳትኩበትን ያርሙልኝ። የሴትየዋን ስም አልጠይቅዎትም። እንዴት እንደነበረ ብቻ።"

ጎረቤታችን እማዬ ዘንድ ስላለች ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ዘግቼ ጀመርኩ።

ደራሲዋ፣ ሴትየዋ ጡቡን ያመጣችው ጎህ ሳይቀድ ነው ብላለች። ሰረዝኩት፤ "ረፋድ አራት ሰዓት ላይ" አልኩ።

ሰው እንዳያያት በጓሮ ዞረች ይላል። ሰረዝኩት። "በዋናው ደረጃ ወጣች፤ ያገኘቻቸውን ሰላም እያለች።"

ከመሄዷ በፊት ረጅም ጊዜ አለቀሰች ይላል። ሰረዝኩት። ምንም አልተካሁበትም።

ሰውየው ፊቱን አዞረ፣ አላያትም ይላል። እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ተመልሼ መጣሁ። ሰረዝኩት። "አያት። ፈገግ አለላት" ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ያለው መስመር፣ "እጇ እየተንቀጠቀጠ ጡቡን አስቀመጠች" ይላል። ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ነው። ደግ ልጅ ናት፤ ለዚያች ሴት እንኳ አዝናላታለች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ሰርዤ ከላያቸው ጻፍኩ፦ "እጇ ሳይንቀጠቀጥ።"